በአንድ ዓይን የተሣለችው

ረታ ከባጃጅ ወርዶ የግቢውን የቆርቆሮ በር ሲያንኳኳ ዘቢደር በመስኮት አየችው። እጇ እስከ ክርኗ ቀለም ነክቶታል። ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ወርውራ ሮጣ ሄዳ በሩን ከፈተች፤ የከፈተችው ግን ልታስገባው አልነበረም።

«ምን እግር ጣለህ?» አለችው፣ መግቢያውን በትከሻዋ ዘግታ።

«ደህና ነሽ ወይ፣ ዘቢደር?»

«ደህና ነበርኩ።»

ከአዲስ አበባ ንፋስ መውጫ ለመድረስ ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሁለት ቀን ይዘጋል። ፊቱ አቧራ ለብሷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ያው ከተማሪ ቤት ጀምሮ የምታውቀው ትከሻው ከበፊቱ የባሰ ጎብጧል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንጀቷ በተላወሰ። አሁን ግን ገና ሲያያት ዓይኑን መስበሩ ጭራሽ ደሟን አፈላው። ጥፋተኛ ካልሆነ ምን ያቀረቅራል?

«የመጣሁት አንች ጋ አይደለም» አለ ረታ። «የኔታ አስጠርተውኝ ነው።»

«አባየ? አንተን?»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ዘቢደር ገና ከሩቁ የደብሩን ጸሐፊ የእጅ ጽሑፍ ለየችው። የአባቷ ዓይን ሞራ ከለበሰ ወዲህ ደብዳቤ የምታነብላቸውም የምትጽፍላቸውም እሷ ነበረች። ይኼን አንዱን ግን ከእሷ ደብቀው በሌላ ሰው አስጽፈዋል። ነጥቃ አነበበችው፦ «ልጄ የሣለችው ሥዕል ከነገ ወዲያ ለክብረ በዓሉ ይወጣል። እኔ ማየት አልችልም። ከእጄ የወጣ ሠዓሊ አንተ ብቻ ነህ፤ መጥተህ በዓይንህ እይልኝ።»

የሰውየው መምጣት ብቻ ቢሆን በስድብ ትሸኘው ነበር። ግን ያ ሥዕል ረታ ፈጽሞ ሊያየው የማይገባ ሥዕል ነበር፤ ስትሥለውም እሱ ዳግመኛ የዚህን ቤት ደጅ አይረግጥም ብላ ተማምና ነው።

«ማነው?» አሉ አባቷ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ። ረታ።»

«ግባ እንጂ! ምን ደጅ ያቆምሃል?»

ዘቢደር ቀስ ብላ ከበሩ ገለል አለች። አጠገቧ ሲያልፍ ከቁጣዋ ሥር ተኝቶ የቆየው ፍርሃት አሁን ብድግ አለባት።

*

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ረታ ከስማዳ፣ ከወገዳ በኩል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ ወደ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ የመጣው ዜማ ሊማር ነበር። መሪጌታ በቤተ ልሔም ደብር ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ የተማሩ ሊቅ ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ ዕውቀታቸው ጋር ግን እጃቸው ሠዓሊ ነው። ልጁ ከዜማው ይልቅ ቀለሙ ዘንድ ሲያንዣብብ አዩና ብሩሽ ሰጡት። ብሩሹን ገልብጦ ሲይዘው አይታ የሣቀችበት የሳቸው ልጅ ዘቢደር ናት፤ ቀን ከሌት እየተቆጣች አያያዙን ያስተማረችውም እሷው ናት። አንድ ቀን ተጣልተው የቀለም መፍጫውን ድንጋይ ወረወረችበትና ግራ ቅንድቡን ለሁለት ከፈለችው። ጠባሳው አልጠፋም። እሱ ግን «ወድቄ ነው» ብሎ ለየኔታ ዋሸላት፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱን የሚለያቸው ጠፋ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ሥዕል ሊማሩ አዲስ አበባ ወረዱ። መሪጌታ የሸኟቸው መስቀላቸውን ይዘው ነው። «ከዛሬ ጀምሮ እህትህ ናት፤ እንደ እህት ጠብቃት» ብለው ረታን መስቀል አሳሙት። ሳመ።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ተከራዩ። በመካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው፤ አንዱ ሲያነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። ትምህርቱ ቢያልቅም ሥራ አልተገኘም። እሱ የፀጉር ቤትና የሥጋ ቤት ማስታወቂያ ሲጽፍ ይውላል፤ እሷ ለቱሪስት መሸጫ ሱቆች በፍየል ቆዳ ላይ መልአክ ትሥላለች፣ ያንኑ አንድ መልአክ። ቀለም ያለቀበት ግድግዳውን ያንኳኳል፤ ሌላው በመስኮት ያቀብለዋል። የግቢው ሰው ባልና ሚስት ይላቸው ነበር። ረታ ግን የጠየቀውን ሁሉ «እህቴ ናት» ይለዋል፤ እህቴ ባላት ቁጥር ዘቢደር ክፍሏ ገብታ ከአንድ ሰዓት በላይ ከማንም አትነጋገርም።

አምና ታኅሣሥ ላይ የረታ ሥዕል ለአንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተመረጠ። ምን እንደ ሣለ አልነገራትም። በመክፈቻው ዕለት ዘቢደር ደህና ልብሷን ለብሳ ሄደች፤ ሰውን እየገፋች ወደ ፊት ስትወጣ ራሷን ግድግዳው ላይ ተሥላ አየች። መስኮት ሥር ተቀምጣለች፣ ፊቷ ወደ ጎን ዞሯል፣ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው።

ሌላው ተመልካች ያየው አንዲት ቆንጆ ልጅ ነው፤ አጨበጨበም። የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ልጅ ግን እንደዚያ ልታይ አትችልም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው፣ ከሃዲ፣ የሰይጣን ወገን የሆነ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። ይህን ሥርዓት እሷና ረታ ከፊደል ጋር ነው የተማሩት፤ ሌላው ሁሉ ባያውቅ እሱ ያውቃል። «እንዲህ ነኝ ለካ» አለች በልቧ። አንድ ቃል ሳትናገረው ወጥታ ዕቃዋን ሰብስባ በማግስቱ ወደ አገሯ ተሳፈረች።

ረታ በሾፌር እጅ ደብዳቤ ላከላት። ሳትከፍተው እሳት አቀጣጠለችበት። ከዚያ ዓይናቸው የደከመው አባቷ የጀመሩትን የደብሩን ሥዕል ተቀብላ ዓመት ሙሉ ሣለች፤ ቂሟም አብሯት ሲሠራ ከረመ።

*

«እናትህ ካሰች ደህና ናት?» አሉ መሪጌታ፣ ረታ ጉልበታቸውን ስሞ ቀና ሲል።

«ደህና ናት፣ የኔታ። ለበዓሉ ትመጣለች።»

ዘቢደር ግድግዳውን ተደገፈች። እማማ ካሰች! ዓመት ሙሉ ስትሥል እኒህን ሴትዮ አንድ ቀን አላሰበቻቸውም። ከወገዳ በእግራቸው መጥተው፣ ሥዕሉ ፊት ተንበርክከው፣ ቀና ብለው... ከዚያ ወዲያ ያለውን ልታስበው አልፈለገችም።

«በል እንግዲህ ምራኝ» አሉ አባቷ።

ሥዕሉ በውስጠኛው ክፍል ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ሙጫ ጠጥቶ የጠነከረ አቡጀዴ ነው፤ ጌታ ከአሥራ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ጋር ራት ሲበላ ይታይበታል። አልቆ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ተለጥፎም የልጅ ልጅ ድረስ ይኖራል። ዘቢደር እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ከቀኝ ጀምርልኝ» አሉ መሪጌታ በትራቸውን ተመርኩዘው። «ፊት ፊቱን ንገረኝ። አንድም እንዳትዘል።»

«ጴጥሮስ ነው። ጢሙ ነጭ፣ አጭር ነው። ዓይኖቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ጌታን ያያል።»

«እኩል ናቸው ዓይኖቹ? አንተ ጴጥሮስ ላይ ሁልጊዜ ትሳሳት ነበር።»

«እኩል ናቸው፣ የኔታ። ከዚህ እንድርያስ ነው፣ እጁን ዘርግቷል። ጣቶቹ... እንዲህ ያለ ጣት ሥዬ አላውቅም።»

ድምፁ ላይ ማስመሰል አልነበረበትም፤ ዘቢደርን ይበልጥ ያሳቀቃት ይኸው ነው። ዮሐንስን ነገራቸው፣ ያዕቆብን ነገራቸው፣ ቶማስን ነገራቸው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ በሄደ ቁጥር እሷ የቀሩትን ፊቶች ትቆጥራለች። መጨረሻው ላይ ደረሰ።

ይሁዳ ከማዕዱ ዳር ተቀምጧል። ፊቱ ወደ ጎን ዞሯል። አንድ ዓይን፣ ጎበጥ ያለ ትከሻ፣ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለው ጠባሳ። ማንም የሚያውቀው ሰው አንዴ አይቶ «ረታ!» የሚልበት ፊት ነው።

ረታ ዞሮ ዘቢደርን አያት። እሷም አየችው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ይጮሃል ብላ ጠበቀች፤ ቢጮህ በተሻላት።

«ይሁዳስ?» አሉ መሪጌታ።

«አለ፣ የኔታ።»

«እንዴት አድርጋዋለች?»

«በአንድ ዓይኑ ነው። እንደ ሥርዓቱ።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማንን ይመስላል? ታውቃለህ፣ የሕያው ሰው መልክ ለይሁዳ አይሰጥም። እኔን ያስተማሩኝ አባት አንዱ ተማሪያቸው የጎረቤቱን መልክ ቢሰጠው ሸራውን በእሳት አቃጥለው፣ ልጁንም ብሩሽ እንዳይነካ ገዝተውታል። ማንን ይመስላል?»

ዘቢደር ዓይኗን ጨፈነች።

«ማንንም አይመስልም» አለ ረታ። «እንከን የለበትም፣ የኔታ። ይውጣ።»

መሪጌታ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ከዚያ ፊታቸውን ልጃቸው ወዳለችበት አዙረው «ዘቢደር» አሉ፣ «እጅሽ ይባረክ።»

አባቷ አመስጋኝ ሰው አይደሉም። ይህችን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ከአፋቸው ስትጠብቅ ኖራለች፤ ያገኘቻት ግን በውሸት ነው፣ የዋሸላትም ልታዋርደው የሣለችው ሰው ነው። «አሜን» ማለት አቃታት።

*

መሪጌታ ሥዕሉ እንደሚወጣ ለካህናቱ ሊነግሩ በበትራቸው መንገዱን እየዳበሱ ወጡ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ለምን?» አለችው ዘቢደር።

«ምኑ?»

«ለምን አልተናገርክም? ማን ዋሽልኝ አለህ?»

ረታ ሥዕሉን ትኩር ብሎ አየ። «ጠባሳዋን እንኳ አልረሳሻትም። በልክ ነው ያስቀመጥሻት።»

«አትዘባበትብኝ!»

«አልተዘባበትኩም። ይኼ ሥራ እኔ እስከ ዛሬ ከሣልኩት ሁሉ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ነው ያቃጠለኝ። በጥላቻ እንኳ እንዲህ ትሥያለሽ?»

«አንተ ነህ የጀመርከው! በአንድ ዓይን ሥለህ አገር ሁሉ ፊት ሰቀልከኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አላወቀም እል ነበር። አንተ ግን የአባየ ተማሪ ነህ!»

«አውቄ ነው የሣልኩት።»

የዘቢደር እጅ ለጥፊ ተነሳ። መቼም ያስተባብላል፣ ይምላል ይገዘታል ብላ ነበር። ይህን መልስ አልጠበቀችም።

«ሦስት ጊዜ በሁለት ዓይን ሣልኩሽ» አለ ረታ፣ ድምፁ ከፍ እያለ። «ሦስቴም ውሸት ሆነብኝ፣ ቀደድኩት። አምና ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን ፊት ለፊት አይተሽኛል? ቀለም ስታቀብይኝ ግድግዳውን ታያለሽ። ምሳ ስንበላ መስኮቱን ታያለሽ። ሳወራሽ ጎንሽን ነው የማወራው። አራት ወር ሙሉ የሰጠሽኝ ግማሽ ፊትሽን ነው፤ እኔም የተሰጠኝን ሣልኩ። ጽፌልሽም ነበር።»

«አላነበብኩትም። እሳት አቀጣጠልኩበት።»

«ደግ አደረግሽ!»

ውጭ አንድ ሰው በሬዎቹን አውድማ ላይ እየነዳ ይጮሃል።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለ ረታ ቀስ ብሎ። «ይኼን ብቻ ንገሪኝና ልሂድ። ምን አድርጌሽ ነው ፊት የነሳሽኝ?»

ዘቢደር ልትዋሸው አፏን ከፈተች። አመመኝ፣ ደከመኝ፣ ከተማው ሰለቸኝ ልትለው ነበር። ይሁዳው ላይ ያለው ያ አንድ ዓይን ግን ፊት ለፊቷ ነው።

«ቀናሁብህ» አለች።

«ምን?»

«ቀናሁብህ! አልሰማህም? ብሩሽ አያያዝ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ጴጥሮስን ስታበላሽ በስተኋላ እያረምኩ ለአባየ የማሳየው እኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ገብተን የአንተ ሥራ ሲወራ፣ ሰው እየመጣ በርህን ሲያንኳኳ፣ እኔ ፍየል ቆዳ ላይ ያንኑ መልአክ እሥላለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እየተቃጠልኩ ነበር የማድረው። ዓይንህን ካየሁት ታውቅብኛለህ ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው! አሁን ሂድ።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቀለሙ ጉንጯ ላይ ተለቀለቀ። ረታ ያጽናናኛል ብላ ጠብቃ ከሆነ ተሳሳተች፤ እሱም ሆድ ብሶታል።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ ምን ልታደርግ?»

«እኔ እንጃ። የቀናሽበት ነገር ሁሉ ግማሹ የአንች ነው እልሽ ነበር።»

ቦርሳውን ከመሬት አነሳ። «ስሚኝ። ፊቱን ዛሬውኑ ለውጭው። እስከ ማታ ይደርስልሻል። የኔታ አያውቁም፣ እናቴም አታውቅም። ሥዕልሽ ይወጣል። እኔ ደግሞ እዚህ ቤት እንዳልመጣሁ ቁጠሪው፤ አልተያየንም።»

ነገሩ ቀላል ነበር። አንድ ብሩሽ፣ ትንሽ ነጭ ቀለም፣ የሁለት ሰዓት ሥራ። ዘቢደር «እሺ» ልትል ምንም አልቀራትም። ግን አየችው። እስከ ዕለተ ሞቱ ይህን ነገር ለብቻው ተሸክሞ ይኖራል፤ በልጅነቱ «ወድቄ ነው» እንዳለው ሁሉ አሁንም «ማንንም አይመስልም» ብሎ ይሄዳል። እሷ ደግሞ በየዓመቱ በበዓሉ ቀን የዚያን ሥዕል ምስጋና እየተቀበለች ትኖራለች። ይህን ማሰብ ሥዕሉን ከማጣት የባሰ አስፈራት።

በሩን በርግዳ ወጣች፤ ረታም ተከተላት። አባቷ በዝግታ እየዳበሱ ስለሚሄዱ ገና ከግቢው በር አላለፉም።

«አባየ! ይመለሱ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ረታ ዋሽቶልኝ ነው። ይሁዳን በእሱ መልክ ነው የሣልኩት። ከነጠባሳው። ቂም ይዤ።»

መሪጌታ ቆሙ። «የሕያው ሰው መልክ?» አሉ። «የገዛ ወንድምሽን?»

«ወንድሜ አይደለም» አለች ዘቢደር። እንዲህ ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም።

«ዝም በይ! ሸራው አይወጣም። ምርቃቴንም ከአንች ላይ አንስቻለሁ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ረታ ኮቴ አዞሩ። «አንተስ? ዓይን ትሆነኛለህ ብዬ አስጠርቼህ፣ ቆመህ በቤቴ ውስጥ ዋሸኸኝ። ስለ ምን? እህትህ ናት ብለህ አዝነህላት ነው?»

ጥያቄው ማምለጫ ነበረው። «አዎን፣ የኔታ» ቢል ቁጣቸው በግማሽ ይበርድ ነበር፤ ሦስቱም ያውቁታል።

«አይደለም» አለ ረታ። «መስቀልዎን ስሜ እህቴ ናት ብዬ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ሞከርኩ፣ የኔታ። በኮምፔርሳቶ ማዶ ስታስል እየሰማሁ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። እወዳታለሁ።»

በዚህ አገር ይህ ቃል ለአባት አይነገርም፤ ለመምህር ደግሞ ጭራሽ። መሪጌታ በትራቸውን መሬት ላይ መቱት። «ከቤቴ ውጣ!» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከመካከሉ ተቆረጠ።

ዘቢደር በመካከላቸው ቆማለች። የዓመት ድካሟ ሄዷል፣ የአባቷ ምርቃት ሄዷል፣ ከነገ ጀምሮ መንደሩ የሚላት አያልቅም። ልታለቅስ የሚገባት ለዚህ ነበር። እሷ ግን የምታለቅሰው በሌላ ነገር ተናድዳ ነው።

«አንተ ሰው!» አለችው፣ እንባዋ ቀለሙን አገጯ ድረስ እያወረደው። «ሰባት ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ስንኖር ለእኔ መናገር አቅቶህ መጥተህ ለአባየ ትናገራለህ?»

«እሳቸውን ከምፈራው ይልቅ አንችን የምፈራው ይበልጣል» አለ ረታ።

ዘቢደር ልትሰድበው ፈልጋ፣ ዓመት ሙሉ የያዘችውን ቂም ከልቧ ውስጥ ፈልጋ አጣችው፤ እንባዋን ሳትጠርግ ሙሉ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።